በመስኮቱ የታየው ብልጭታ

ጋሽ ፍላሽ የተገኙት ሐሙስ ማምሻውን፣ የገዛ ስቱዲዮአቸው ወለል ላይ ነው። ከጣሪያ እስከ መሬት ከሚወርደው ነጭ የጀርባ ወረቀት ግርጌ በጎናቸው ተኝተዋል። መነጽራቸው እንኳ አልተሰበረም። ጭንቅላታቸው አጠገብ የፍላሽ ስታንድ እንዳይወድቅ ከሥሩ የሚቀመጥ ከባድ ብረት አለ፤ ጠርዙ ደም ነክቶታል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ውስጥ አርባ ስድስቱን የሰፈሩን ሰው "ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ" እያሉ ነው የኖሩት።

እኔ አንድ አመል አለኝ። ወንጀል የተፈጸመበት ክፍል ውስጥ ማንም ምንም እንዲነካ አልፈቅድም፤ የበራ መብራት እንደበራ፣ የተሰካ ነገር እንደተሰካ ይቆያል። ሃምሳ አለቃዬ በዚህ የተነሳ "የመብራት ኃይል ዘመድ" ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ "አንተ ከሰው ይልቅ ወንበር መጠየቅ ይቀናሃል" ትላለች። እውነቷን ነው። ወንበር ቢያንስ አይቀባጥርም።

እናም ዕቃውን ተራ በተራ አየሁት። ሁለት ትልልቅ ፍላሾች በስታንዳቸው ላይ ቆመዋል፣ ሁለቱም ተሰክተዋል፣ ጀርባቸው ላይ ቀይ ነጥብ ይበራል። አንዲት በርጩማ ወድቃለች። ጠረጴዛው ላይ ካሜራ አለ፤ ከጎኑ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ዕቃ፣ የባትሪ ክዳኗ ተከፍቶ ሁለቱ ባትሪዎች አጠገቧ ተገትረው ቆመዋል። ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ "እኔ 1፣ እሷ 3" ይላል። የመንገዱ መስኮት በነጭ መጋረጃ ተጋርዷል። ከበሩ ጎን ባለችው ማሳያ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሙሽራ፣ ቀለሙ ገና በሚሸት ፍሬም ውስጥ ሆና ለአላፊ አግዳሚው ትስቃለች።

"ምን ይመስልሃል?" አልኩት ሃምሳ አለቃውን።

"የቤተሰብ ጠብ።"

"በምን አወቅህ?"

"ልጃቸው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ያገኘኋቸው እኔ ነኝ ብሎ ጣቢያ የመጣው ግን ካገኛቸው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ የት ነበርክ ስለው 'ስዞር' አለኝ።"

*

ከስቱዲዮው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ልብስ ሰፊዋ አለች። የስፌት መኪናዋ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሯል። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ አንገቷ ላይ ሜትር የማይለያት ሴት ናት።

"ጆሮዬ ከመኪናው ጋር ነው፣ ዓይኔ ግን ሥራ ፈት ነው" አለችኝ። "ይጠይቁኝ።"

"ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?"

"ከምሳ በኋላ አንዲት እናት ከመንታ ልጆቿ ጋር ገብታ ስምንት ተኩል ግድም ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍሬም ሠሪው ጓደኛቸው ፍሬም ይዘው መጡ። ብዙም አልቆዩም፣ ፍሬማቸውን በብብታቸው ይዘው ሄዱ። ከዚያ ማንም የለም። ዝናቡም መጣ።"

"ጋሽ ፍላሽንስ ከዚያ በኋላ አይተዋቸዋል?"

"እሳቸውን አላየሁም፤ መብራታቸውን ግን አይቻለሁ። አሥር ሰዓት ካለፈ ጀምሮ ቦግ፣ ቦግ ሲል ነበር። ሰማዩ ስለጠቆረ መጋረጃው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ያቆመው አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነው።"

"ደንበኛ ሳይገባ ማንን ነው የሚያነሱት?"

"ዕቃም ያነሳሉ እኮ። ጫማ፣ ሰዓት፣ ለማስታወቂያ የሚሆን።"

"ከዚያስ?"

እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። "አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ልጃቸው ገባ። አምስት ደቂቃም አልቆየ። እየሮጠ ወጣ፣ በሩን እንኳ አልዘጋውም። እኔ ምንም ማለቴ አይደለም። ያየሁትን ነው የነገርኩዎት።"

ስቱዲዮው ሌላ በር የለውም። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ፍላሹ ሲበራ ሰውዬው በሕይወት አሉ፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ልጁ ይገባል፤ ከዚያ ሞተው ይገኛሉ። ይህን ለመደመር ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም። እኔም ደመርኩት፣ ልጁንም አሰርኩት።

*

ልጁ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። ጠረጴዛው ላይ ያሳረፋቸው እጆቹ መሪ የያዙ ይመስላሉ።

"ስደርስ ሞቶ ነበር" አለኝ። "እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።"

"ከአባትህ ጋር ከተነጋገራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?"

"ስምንት ወር። ስቱዲዮውን ተረከበኝ አለኝ፣ ካሜራ አልወድም አልኩት። እንግዲያው ልጄ አይደለህም አለኝ። እኔም ከአፌ የወጣውን አላስታውሰውም፣ ጥሩ ነገር ግን አልነበረም።"

"ታዲያ ሐሙስ ምን ልትሠራ ሄድክ?"

"ባለቤቴ ልትወልድ ቀናት ነው የቀራት። አያት ልትሆን ነው ልለው ነዋ።"

"ስታንዱ ላይ አሻራህ አለ።"

"ስንበረከክ ተደግፌው ይሆናል።"

"ለምን ሮጥክ?"

እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ከዚያ ቀስ ብሎ "አባትዎ ሞቶ ተዘርሮ አይተው ያውቃሉ?" አለኝ።

"አላየሁም።"

"እንግዲያው አይጠይቁኝ።"

ስወጣ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ተነሳች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። "እሱ እኮ ድመት መንገድ ካቋረጠች አውቶቡስ ሙሉ ሰው አንገጫግጮ ፍሬን የሚይዝ ሰው ነው" አለችኝ። "ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል አሉኝ። እስከ ሰኞ እዚሁ ነኝ።" ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓርብ ጠዋት ስገባ እዚያው ወንበር ላይ አገኘኋት።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞቱት አለኝ።

"ጠበብ አድርግልኝ።"

"ማጥበቡ የአንተ ሥራ ነው። እኔ ሐኪም ነኝ፣ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም።"

*

"እሷ 3" የተባለችው ፎቅ ላይ ነበረች። የጋሽ ፍላሽ ተማሪ የነበረች፣ ከአራት ዓመት በፊት ከእሳቸው በላይ ያለውን ክፍል ተከራይታ የራሷን ስቱዲዮ የከፈተች ሴት ናት። ሥራዋ ሕፃናትን ማንሳት ነው፤ ክፍሏ በአሻንጉሊት ተሞልቷል፣ መስኮቷም የደረጃዋ መግቢያም በጓሮ በኩል ነው። ከመምህሯ ጋር እንደማይስማሙ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ሄድኩባት።

"ተጣልታችኋል ይባላል።"

"አዎ። ጋሼ አናቴ ላይ ወጣሽ ነበር የሚሉኝ።" ፈገግ ልትል ፈልጋ አልሆነላትም። "ግን ሰላም ሳልላቸው ያለፍኩበት ቀን የለም።"

"'እኔ አንድ፣ እሷ ሦስት' ምንድን ነው?"

አንዲት ጥቁር ዕቃ አነሳች፤ ታች ጠረጴዛ ላይ ያየኋት ዓይነት ናት። "ይቺ ትሪገር ትባላለች። ትንሽ ሬዲዮ ናት። ካሜራው ላይ ትሰካለች፤ ፎቶ ሲነሳ 'አብራ' ብላ ትልካለች፣ ፍላሹ ላይ ያለችው ሪሲቨር ትሰማና ታበራለች። ገመድ ምን የለ። ስመጣ እኔም እሳቸውም በአንድ ዓይነት ቻናል፣ በአንድ የሬዲዮ መስመር ላይ ነበርን፤ እኔ ስጫን የእሳቸው ይበራል፣ እሳቸው ሲጫኑ የእኔ። አንዱን ሙሽራ ዓይኑን ሲጨፍን ሃያ ጊዜ አነሱት፤ ጋሼ ያበዱት ግን እኔ ላይ ነው። በመጨረሻ የቻናል ቁጥር ተካፈልን፤ እሳቸው አንድ፣ እኔ ሦስት። ያኔ ነው ያንን የለጠፉት። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተጋጨንም።"

"ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርሽ?"

"እዚሁ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ሳነሳ ነበር። ስድስት ሰው ነው የመጣው፤ ሰላሳ ስምንት ፎቶ አንስቻለሁ።"

ስድስቱንም ጠየቅናቸው። አያትየዋ ሳትቀር ከክፍሉ አልወጣችም ብለው መሰከሩ። አንዱ መንገድ ተዘጋ፤ ሃምሳ አለቃውም "አልነገርኩህም?" በሚል ዓይን አየኝ።

*

ቅዳሜ የካሜራውን ሜሞሪ ከፈትነው። የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች የመንታዎቹ ናቸው፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

"ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሲበራ የነበረው ፍላሽስ?" አልኩ። "አንድ ሰዓት ሙሉ አብርቶ አንድ ፎቶ የማያነሳ ፎቶ አንሺ የት አገር ነው ያለው?"

"ልጁ ሜሞሪውን ቀይሮታል።"

"ለምን?"

"ማስረጃ ስለነበረበት።"

"የጫማ ፎቶ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አልኩት። ተቀየመኝ። ግን ተረቱ ለእኔም ነበር፤ የልጁን መዝገብ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ያ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ወደ ልጁ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ያላየውን ምላጭ የናፈቀ ፊት ነበረው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትሪገሯ ባትሪዋ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ለምን ይመስልሃል?"

ቀና አለ። "ባትሪዎቹ ቆመው ነበር? ጎን ለጎን?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ሥራ ጨርሷል። ደንበኛ እግሩ እንደወጣ የመጀመሪያ ሥራው እሱ ነው። ባትሪ ዝም ብሎ ሲያልቅ አይወድም። ሪሲቨሮቹንና ፍላሾቹን ግን እስከ ማታ አያጠፋቸውም፤ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ትከሻውን ያመዋል።" ሁለት ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ እንደ ባትሪ አቆማቸው። "ልጅ ሆኜ በር ላይ ቁጭ ብዬ እሱን ስጠብቅ፣ ባትሪዎቹ ሲቆሙ ነው የምነሳው። አሁን አባቴ የኔ ነው ማለት ነው።"

 ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ባትሪ የሌላት ትሪገር ፍላሽ አታበራም። ባትሪዋ የወጣው ደግሞ መንታዎቹ እንደወጡ፣ ስምንት ተኩል ላይ ነው።

*

እሁድ ከሰዓት ብቻዬን ስቱዲዮው ገባሁ። የወደቀችውን በርጩማ እንደወደቀች ትቼ ከነጩ ወረቀት ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም እንዳለ ነው፤ ቀዩ ነጥብ ይበራል፣ ባትሪዎቹ እንደቆሙ ናቸው፣ ትሪገሯ ሆዷ ተከፍቶ ተኝታለች። ሌላ ትሪገር ይኖር እንደሆነ ቀደም ብዬ ሳጥኑን ሁሉ ብበረብርም አላገኘሁም። ቁጭ ብዬ ዕቃ ዕቃውን ሳይ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም።

ፍላሹ ቦግ አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ተነስቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም፣ እኔም ምንም አልነካሁም። እንደገና ቦግ አለ። ከዚያ በላይ በላዩ ሦስት ጊዜ። ዝም ሲል ከጣሪያው በላይ የሕፃን ሳቅ ሰማሁ፣ "ወዲህ እይ፣ ወዲህ እይ" የሚል የሴት ድምፅም። ወዲያው ቦግ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። በዕድሜዬ የሚያምር ነገር አልነበረም።

ፎቶ አንሺዋ አንድ ድንቡሽቡሽ ሕፃን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ጎንበስ ብላለች። "አንድ ጊዜ አቁሚ" አልኳት። "ትሪገርሽን አሳዪኝ።"

ካሜራዋን አዞረችልኝ። ትሪገሯ አዲስ ናት፣ ቁጥር የምታሳይበት ትንሽ መስኮቷ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ከላስቲኩ ሥር አንድ ቁጥር ይታያል። 1።

አየችው። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ሐሙስ ጠዋት የድሮው ወድቆ ተሰበረብኝ" አለች። "ቤተሰቡ ሲመጣ አዲሱን ስብስብ ከካርቶን አወጣሁ። ትሪገሩም ሪሲቨሩም አብሮ ነው የመጣው። ከካርቶን እንደወጣ ሠራ። የሠራ ነገር ማን ይመረምራል? ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም ቻናል ቁጥር አንድ ላይ ነው የሚሆነው። እኔ እኮ ይህን ለተማሪዎቼ የማስተምር ሰው ነኝ።"

"ታች ያለው ፍላሽ በአንቺ ጣት ነው የበራው።"

"ጋሼ ምነው አልጮሁብኝም?" አለች። "በበራባቸው ቁጥር እኮ ደረጃውን ወጥተው ይሰድቡኝ ነበር። ምነው ብዬ አልጠየቅሁም።" ከዚያ አለቀሰች፤ ሕፃኑም እሷን አይቶ አለቀሰ።

*

መሞከር ነበረብኝ። ሃምሳ አለቃውን ሰላሳ ስምንቱ ፎቶዎች ከተነሱበት ሰዓት ዝርዝር ጋር ፎቅ አስቀምጬ፣ ስደውል በዚያው ልክ ትሪገሯን እንዲጫን አዘዝኩና ልብስ ሰፊዋ ጋ ተሻገርኩ። እሁድ ሆኖ ሳለ እየሰፋች ነበር። ምንም አልነገርኳትም። ደመናው ሲከብድ ለሃምሳ አለቃው ደወልኩ፤ መጋረጃው ላይ ብርሃኑ ቦግ፣ ቦግ አለ።

መኪናዋ ቆመ። "ሰውዬው ተነሱ እንዴ?" አለች።

"ሐሙስ ያዩት ይሄንን ነው?"

"ራሱን።"

"ክፍሉ ባዶ ነው።"

አፏን በእጇ ያዘች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ። እሷ ብርሃን አየች፣ ልቧ ደግሞ ጋሽ ፍላሽን ሞላበት። እኔም ከእሷ ተቀብዬ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት።

"እንግዲህ ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንመለስ" አልኳት። "ፍሬም ሠሪው ፍሬም ይዘው ገቡ ብለውኛል። ፍሬም ይዘው ወጡም ብለውኛል።"

"አዎ።"

"ፍሬም የሚያመጣ ሰው ባዶ እጁን አይደል መመለስ ያለበት?"

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። "ይዘው የወጡት አሮጌ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባው።" ወደ ማሳያው አየች። "ሙሽራዋ ያለችበት ቦታ ላይ የፍሬም ሠሪው ልጅ ፎቶ ነበረ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው። ትምህርት የጨረሰ ዕለት ጋሽ ፍላሽ አንስተውት ማሳያ ላይ አደረጉት፤ በዓመቱ ሞተ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ፍሬም ሠሪው ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ እዚያ መስኮት ፊት ይቆማሉ። እኛ የምናውቃቸው ሌላ ቦታ እናያለን።"

"ይህን ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ገባ ማን ወጣ ነው ያሉኝ። የማን ፎቶ ነው አላሉኝም።"

*

የፍሬም ቤቱ ሙጫና የተፋቀ እንጨት ይሸታል። ሽማግሌው መደገፊያ ላይ የቆመ ፎቶ ፊት ተቀምጠው መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላሉ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነው፣ ፀሐይ ፊቱን ወደ ሰማያዊ ወስዶታል። ሰው መጣ ብለው አልደበቁትም።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ" አልኳቸው።

"ደህና። ተቀመጥ፣ ያ በርጩማ ይሻላል።" ጨርቁን አጣጠፉ። "ስለ ሐሙስ ነው የመጣኸው?"

"ስለ ሐሙስ።"

"አርባ በስልሳ ፍሬም ሥራልኝ አለኝ፣ ለማሳያ። አርባ ዓመት የሠራሁለት ሰው ነው፣ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ልኩ የዚህኛው መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም። ራሴ ለክቼ፣ ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩለት። ከዚያ ዓይኔ እያየ ልጄን አወረደና ሙሽራዋን በቦታው አደረገ።"

"ምን አሉዎት?"

"ክፉ አልተናገረም። ፀሐይ በልቶታል አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ይበቃል፣ ለአንተም ይበቃል፣ እስቲ ከኛ ጋር ደግሞ ኑር አለኝ። እሺ ሌላ ቅጂ አትምልኝ አልኩት። የድሮው ኮምፒውተር ሲበላሽ አብሮ ጠፍቷል አለ። እንዲሁ፣ ዣንጥላ እንደጠፋበት ሰው። ገፋሁት። በርጩማዋ ጠለፈችውና ወደ ኋላ ሄዶ ብረቱ ላይ ወደቀ።"

"ከዚያስ?"

"ጠራሁት። አልመለሰልኝም። ፎቶዬን ይዤ ወጣሁ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ተስፋ የሚመስል ነገር ነበር። "ማታ ግን ሰው ሲያወራ ሰማሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሠራ ነበር፣ መብራቱ ሲበራ ታይቷል አሉ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ተነስቷል ማለት ነው። ተነስቶ ሥራውን ሠርቷል። በኋላ የሆነው የእሱና የልጁ ነው። እኔ ጣልኩት እንጂ አልገደልኩትም።"

ሃያ ስድስት ዓመት ፖሊስ ሆኛለሁ፤ ሰው እውነት እንዲናገር ማድረግ ነበር የሚከብደኝ። ያን ዕለት የከበደኝ እውነት መናገሩ ነው። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ስለ ሬዲዮዋ፣ ስለ ቻናል አንድ፣ ቆመው ስለተገኙት ባትሪዎች፣ ፎቅ ላይ ፎቶ ሲነሳ ስለነበረው ሕፃን። አላቋረጡኝም።

"ስንት ጊዜ በራ?" አሉኝ ስጨርስ።

"ሰላሳ ስምንት ጊዜ።"

"አንዱንም እሱ አላበራውም?"

"አንዱንም።"

ጨርቁን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። "ልጁ የት ነው ያለው?"

"እኛ ጋ። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሚስቱ ኮሪደር ላይ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ እርጉዝ ናት።"

"እኔ የሰው ልጅ አሳስሬ" አሉ ሽማግሌው፣ "እዚህ ቁጭ ብዬ የልጄን መስታወት እወለውላለሁ።"

ሽርጣቸውን ፈትተው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። መስኮቱን ዘጉ፣ የሙጫውን ጣሳ ከደኑ። እጃቸውን በሰንሰለት አላሰርኩም። መንገዱን ጎን ለጎን ሄድን፣ ፎቶውን እኔ ያዝኩት።

*

ልጁን እሁድ ማታውን ለቀቅነው። ንብረቱን ፈርሞ ሲቀበል ሚስቱ እጅጌውን ጨብጣ ይዛ ነበር።

"ስደርስ ቀዝቅዞ ነበር ብዬ ነግሬዎት ነበር" አለኝ። "በመጀመሪያው ቀን።"

"ነግረኸኛል።"

"ለምን አላመኑኝም?"

"መብራቱን አመንኩ" አልኩት።  ይቅርታ አድርግልኝ ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ እስካሁን አላውቅም።

ፎቶው ቁጥር ተለጥፎበት ማስረጃ የሚቀመጥበት ኤግዚቢት ክፍል ገባ። በሦስተኛው ሳምንት የጋሽ ፍላሽ ልጅ አንድ ትልቅ ቦርሳ ይዞ ቢሮዬ ብቅ አለ። ሴት ልጅ ተወልዳለታለች፤ ዓይኑ እንቅልፍ እንደሌለው ያስታውቃል። ያን ፎቶ እዚሁ ሆኜ በካሜራ ላንሳው፣ ፍቀዱልኝ አለ።

"ለማን?"

"ለእሳቸው። አንድ ብቻ ነው አሉ ያለው። ሁለት መሆን አለበት።" ፊቴን አየና "ይቅር አላልኳቸውም" ሲል ጨመረ። "ለአባቴ ነው። ሌላ አትምልኝ ሲሉት እንዲህ ማድረግ ነበረበት።"

ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ፣ መዝገብ ያዡ እያየን፣ ነጩን ፍሬም ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። ሁለት ትንንሽ ፍላሾች አወጣና አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አደረገ፤ መስታወቱ እንዳያንጸባርቅ ነው አለኝ። ካሜራ የማይወድ ሰው ይህን የት ተማረ አልኩ በልቤ። በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነዋ። ሁለቱን ባትሪዎች ጥቁሯ ትሪገር ውስጥ ከተተ፣ ካሜራው አናት ላይ ሰካት።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነ። ቦግ ሲል የደበዘዘው ልጅ ለአፍታ ፊቱ ጠራ።

ካሜራው ጀርባ ላይ የወጣውን ምስል ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የትሪገሯን ክዳን ከፈተና ባትሪዎቹን አውጥቶ የመዝገብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው።

"ጨረስኩ" አለ። "ልጄ ጋ ልሂድ።"